ባጃዎች የሚያወሩት የተበላሸ ማላይኛ አይደለም

ወገን ከላይ ብዙዎቻችሁ በባህረኛነታቸው ስለሚታወቁት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝቦች፣ ስለ ባጃዎች፣ «ባጃዎች የራሳቸው ቋንቋ የላቸውም፣ ባህር ላይ ሲንከራተቱ ማላይኛው ተበላሽቶባቸው ነው» እያላችሁ ሼር ስታደርጉ አየሁ፣ በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል ግን ልክ አይደለም። ሳማ-ባጃው (ባጃዎችና ሳማ የሚባሉት ዘመዶቻቸው የሚናገሩት) በፊሊፒንስ ሱሉ ደሴቶች፣ በማሌዥያ ሳባህና በኢንዶኔዥያ የሚነገር ራሱን የቻለ የቋንቋዎች ቡድን ነው፣ ባሲላን ደሴት ላይ እያረሱ የሚኖሩት ያካኖች ቋንቋ ሳይቀር እዚሁ ውስጥ ነው የሚመደበው (አዎ፣ ሁሉም ባህረኛ አይደሉም)። ከማላይኛ ጋር ዘመድ ናቸው፣ ብዙ ቃልም ተውሰዋል፣ ግን አማርኛና ትግርኛም ዘመድ ናቸው እኮ፣ አንዱ የሌላው ብልሽት ነው የሚል የለም። ማጣራት የፈለገ ሰው ቁጥራቸውን ያስተያይ፣ ማላይኛ 3ን ቲጋ፣ 7ን ቱጁህ፣ 8ን ላፓን ሲል ሱሉ በኩል ያሉት ሳማዎች ታሉ፣ ፒቱ፣ ዋሉ ነው የሚሉት፣ እነዚህ ደግሞ ማላይኛ ራሱ የተዋቸው የድሮ ቁጥሮች ናቸው፣ ታዲያ ከማላይኛ ተበላሽተው እንዴት ሊመጡ ይችላሉ? ግሎቶሎግ (የዓለም ቋንቋዎች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይም ብትገቡ ሳማ-ባጃውን ከማላይኛ ተለይቶ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ይሄ ደግሞ ተራ ክርክር አይደለም፣ አንዴ «ዘዬ ነው» ከተባለ መዝገበ ቃላት ምን ያደርግለታል፣ መማሪያ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል ይባላል፣ ልጆቹ ወደ ትልልቆቹ ቋንቋዎች ሲዞሩም ማንም ልብ አይለውም።