መጽሐፉን ሳይገልጡ ቤቱን መሳለም

በዘመናችን ሊመሰገኑ ሲገባቸው ተረስተው ከቀሩ ሰዎች መካከል፣ የደራሲን ቤት ለማየት ባሕር የሚሻገሩ፣ የዚያኑ ደራሲ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ለማውረድ ግን እጃቸውን የማይዘረጉ ጎብኚዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ድካማቸውን አይቶ «አበጃችሁ» ያላቸው ስለሌለ ይህቺን አጭር ውዳሴ ማቅረብ የዜግነት ግዴታ ሆኖ ታይቶኛል። ለምስክርነትም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ካለው ባሕር ላይ፣ ለፈረንሳይ ጠረፍ ጠጋ ብላ የምትገኘውን የገርንዚ ደሴትን፣ በእርሷም ላይ ከሴንት ፒተር ፖርት ወደብ በላይ፣ ከዳገቱ ሆኖ ባሕሩን ቁልቁል የሚያየውን የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን መኖሪያ፣ ኦትቪል ሃውስን እጠራለሁ።

ሁጎ ወደ ደሴቲቱ የሄደው አየር ለመለወጥ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 መጨረሻ ሉዊ ናፖሊዮን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ሲጠቀልል ተቃወመ፤ መቃወሙም ለስደት ዳረገው። ከብራስልስ ወደ ጀርዚ ደሴት ተሻገረ፤ በ1855 ከጀርዚም ሲባረር ገርንዚ ተቀበለችው። በዓመቱ የግጥም መድበሉ ባስገኘለት ገንዘብ ይህን ቤት ገዛ። በ1859 ንጉሠ ነገሥት የሆነው ይኸው ሉዊ ናፖሊዮን ለስደተኞች ምሕረት ባወጀ ጊዜም ነፃነት ስትመለስ እመለሳለሁ ብሎ አሻፈረኝ አለና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋኑ እስከወደቀበት እስከ 1870 ድረስ እዚያው ከረመ። በ1845 ጀምሮ ለዓመታት አቋርጦት የነበረውን «ሌ ሚዜራብል»ን ዳር ያደረሰው፣ ስለ ደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆችና ከማዕበል ጋር ስለሚደረግ ትግል የሚተርከውን ልብ ወለዱንም ጽፎ በ1866 ለገርንዚ መታሰቢያ ያደረገው በዚሁ ቤት ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ጎብኚያችን እንዲያውቀው አይደለም፤ ክብሩ ሳያውቅ መሄዱ ላይ ነውና።

እስቲ የሰውየውን የጊዜ አጠቃቀም ልብ እንበል። «ሌ ሚዜራብል» አምስት ክፍል ያለው፣ ገጹ ከ1,000 የሚያልፍ፣ ደራሲው ዋናውን ታሪክ መንገድ ላይ ገትሮ ስለ ዋተርሉ ጦርነትና ስለ ፓሪስ የፍሳሽ ቦይ በሰፊው የሚያወጋበት መጽሐፍ ነው። ተራው አንባቢ ይህን ለመጨረስ ሳምንታት ያባክናል፤ ያውም ብቻውን፣ ማንም ሳያየው፣ አንዳንዴም በአንድ ጳጳስና በሁለት የብር መቅረዝ ምክንያት ዓይኑን እየጠረገ። ሲጨርስስ ምን ማስረጃ በእጁ ይቀራል? ያነበበ ሰው ፊቱ ላይ ምልክት አይወጣበትም። ጎብኚያችን ግን በጀልባ ይመጣል፣ አስጎብኚውን ተከትሎ ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ምሳ ሳይደርስበት ከነፎቶግራፉ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሆኖ ይወጣል። ፎቶግራፉ ሥር «ከታላቁ ደራሲ መንፈስ ጋር» ብሎ ሲጽፍ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል። መጽሐፉን ላነበበ ሰው እንኳን ደስ አለህ የተባለበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ቤቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተመቸ መሆኑ አይካድም። ሁጎ ቃል ብቻ ሳይሆን ዕንጨትም ይገጣጥም ነበር፤ ያረጁ ሣጥኖችንና የተቀረጹ ሳንቃዎችን እየሰበሰበና እያስፈታ ምድጃ፣ ወንበርና የግድግዳ ልባስ አሠርቶባቸዋል፤ በሥዕል የተሸመነ ምንጣፍ ከግድግዳ አልፎ ጣሪያ ላይ አስለጥፏል። በመመገቢያ ክፍሉ ያለው ምድጃ በደልፍት ሸክላ ንጣፎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ንጣፎቹ የሁጎን ስም የመጀመሪያ የላቲን ፊደል በትልቁ ይሠራሉ። እዚህ ላይ ስሟ በዚያው ፊደል የሚጀምር አንዲት ጎብኚ ብትኖር ዕድለኛ ናት፤ ከምድጃው ፊት ቆማ ፊደሉ ከጭንቅላቷ በላይ እንዲታይ አገጯን ዝቅ፣ ትከሻዋን ጠመም ታደርጋለች፣ ጓደኛዋም «ትንሽ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ሸፈንሽው» እያለች ታስተካክላታለች። በዚያች ቅጽበት አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደራሲ ያሠራው ምድጃ እውነተኛ ባለቤቱን አገኘ ማለት ነው።

በዚሁ ክፍል ማንም እንዳይቀመጥበት በሰንሰለት የታሰረ ወንበር አለ። ሁጎ ለሞቱት አያት ቅድመ አያቶቹ የተወው ቦታ ሲሆን፣ የሌሉት አሉ የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። አስጎብኚዋ ይህን ስታስረዳ ከቡድኑ ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የትናንቱን ፎቶ እየላከ ስለሚሆን፣ ደራሲው በአንድ በኩል ብቻ ያየውን ነገር ጎብኚዎቹ በሌላው በኩል አሟልተውለታል፤ ያሉትም የሉም።

ጥያቄዎቻቸውም የዋዛ አይደሉም። አንዱ ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቃል፤ የሁጎ ወራሾች በ1927 ለፓሪስ ከተማ በነፃ እንደሰጡት ሲነገረው በሰዎቹ የንግድ ችሎታ ያዝናል። ሌላው የ«ሌ ሚዜራብል» ገጸ ባሕርይ የሆነው ዣን ቫልዣን የትኛው ክፍል ይተኛ እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። ሦስተኛው ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም የተቀረጸው እዚህ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት ይጠይቅና፣ አለመሆኑን ሲሰማ ለመግቢያ የከፈለውን ገንዘብ በልቡ ያሰላል። ሁጎ ከ1862 ጀምሮ የደሴቲቱን ድሆች ልጆች በየሳምንቱ እዚህ ቤት ያበላ እንደነበር ሲተረክ ደግሞ ሁሉም ከልብ ይነካሉ፤ ወዲያውም አንዱ በአቅራቢያው ጥሩ ምግብ ቤት ይኖር እንደሆነ ያጣራል። አስጎብኚዋ ለሁሉም በትሕትና ትመልሳለች። እኔ በበኩሌ ውዳሴውን ለእርሷ ባደርገው ኖሮ ሽሙጥ ሳልጨምርበት እጽፈው ነበር፤ አሁን ግን ወደ ጎብኚያችን እንመለስ።

ሁጎ ለጋሪባልዲ ብሎ ያሰናዳው መኝታ ክፍልም አለ። የኢጣሊያው ጀግና በክብር ተጋብዞ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ፤ አልጋውም ስሙን እንደያዘ ሳይተኛበት ቀረ። ይህ ጋሪባልዲን የሚያስወቅስ ነው። የዛሬው ጎብኚ ማንም ሳይጋብዘው የሚመጣ፣ ሲመጣም አልጋው ላይ ጋደም ማለት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ የጨዋ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ጌጥ አልፈው የመጨረሻውን ደረጃ ሲወጡ ግን ሰገነቱ ላይ የቆመ የመስታወት ክፍል ይገጥማችኋል። እዚህ የተቀረጸ ዕንጨትና የወርቅ ቅብ አይበዛም። ሁጎ ባሕሩን እያየ፣ ሰማዩ ሲጠራም ሊመለስባት ያልፈቀደውን የፈረንሳይን ጠረፍ ከሩቅ እያማተረ፣ ቆሞ የሚጽፍበት ሰሌዳ ያለው እዚሁ ነው። ጎበዙ ጎብኚያችን ለዚህ ቦታ የሚመጥን አቋቋም ከፈጠረ ቆይቷል፤ ጀርባውን ለባሕሩ፣ ፊቱን ለስልኩ። ከኋላው የሚመጣው ብርሃን ፊቱን ስለሚያጠቁርበት ሁለተኛ ይነሣል፤ ሰሌዳው ስለተቆረጠ ሦስተኛ ይነሣል፤ በአራተኛው እጁን አገጩ ላይ ጣል አድርጎ ሐሳብ የገባው ሰው ይመስላል፤ ሐሳቡም ስልኩ ስንት ከመቶ እንደቀረው ነው። ሰሌዳው ላይ ምን እንደተጻፈበት የጠየቀ የለም። መጠየቅ ወደ ማንበብ ሊመራ ስለሚችል ከወዲሁ መጠንቀቃቸው ብልኅነት ነው።

የአትክልት ቦታውን ሳናይ አንወጣም። በዚያ ሁጎ በ1870 ሐምሌ ወር በ14ኛው ቀን የተከላት፣ «የአውሮፓ የተባበሩት መንግሥታት» ብሎ ለተመኘው አንድነት ያዋላት የባሉጥ ዛፍ ቆማለች። ከአምስት ቀን በኋላ ፈረንሳይ በፕሩሺያ ላይ ጦርነት አወጀች። ዛፏ ግን ጸደቀች፤ ዛሬም ጥላዋ ሰፊ፣ ግንዷ ለመደገፍ ምቹ፣ ቅጠሏም ከማንኛውም ቀለም ልብስ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ከአውሮፓ ታሪክ ይልቅ ለፎቶግራፍ የምትሰጠው አገልግሎት ጎልቶ ይታያል።

ይህ ሞያ የፈረንጅ ብቻ ነው ብሎ አንገቱን የሚደፋ ወገን ካለ ቀና ይበል፤ እኛም ሐረር ላይ ከእነርሱ የማናንስበት ቤት አለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነው፤ በስሙ የሚጠራውን ያንን ባለቀለም መስታወት የዕንጨት ቤት ደግሞ ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ገጣሚው በ1891 ከመሞቱ በፊት እዚያ ኖሮ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም የሚሉ የታሪክ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። ገርንዚ ላይ ቢያንስ ከሁለቱ ወገን አንዱ፣ ደራሲው፣ ቤቱን በደንብ ኖሮበታል። ሐረር ላይ ግን ግጥሙን ያላነበበ ጎብኚ፣ ግጥም በማይጽፍበት ዘመኑ እንኳ ሳይኖርበት የቀረ ገጣሚን ቤት በአክብሮት ዞሮ ይወጣል፤ በዚህ ስምምነት ማንም ማንንም አላታለለም፣ የመግቢያ ትኬቱም በሕጋዊ መንገድ ተቆርጧል።