አምስት ወር ጠብቄ ሁለት መስመር

ኖርዌይ ውስጥ ዶክትሬት ሥራ ነው። ደመወዝ አለው፤ ሦስት ዓመት፣ ማስተማር ሲጨመርበት አራት። ማስታወቂያውን ሳይ ልቤ የዘለለውም ለዚሁ ነው። የሚጠይቁት ግን! የምርምር ዕቅድ፣ የማስተርስ ጽሑፍ፣ ትራንስክሪፕት፣ ምስክር የሚሆኑ መምህራን። እሺ። "የውጤት አሰጣጡን የሚያብራራ ደብዳቤ አያይዝ" ሲሉ ግን ሬጅስትራር ቤት ስንት ቀን ተመላለስኩ! ቀነ ገደቡ የእኛን ቢሮ አይጠብቅም።

ዕቅዱን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ጻፍኩት። ከዚያ አምስት ወር ዝም። በመጨረሻ ሁለት መስመር መጣ፦ ቦታው ተይዟል። የት ጋ እንደወደቅኩ አንድ ቃል የለም። በመጀመሪያው ማጣሪያ ከወደቅኩ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ኢሜይሌን በየማለዳው እየከፈትኩ ነበር።