ከማደሪያው በፊት መድፊያው

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ መኝታ፣ ማድቤትና መጸዳጃ በውስጡ ያለው፣ ካምፐር የሚሉት ዓይነት መኪና ቆሞ አየሁ። ባለቤቶቹ በጅቡቲ በኩል ገብተው ወደ ሐረር የሚያልፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሲጠሩኝ ሆቴል ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ የጠየቁኝ ግን ሽንት ቤታቸውን የት መድፋት እንደሚችሉ ነው።

ሰውየው ከመኪናው ጎን አንዲት ትንሽ በር ከፍቶ፣ እንደ መንገደኛ ሻንጣ ጎማና እጀታ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ሣጥኑ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሲሆን ለሁለት ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል። ሽታውን ለማፈን የሚጨመረው ሰማያዊ ፈሳሽ በክዳኑ ዙሪያ ቀለሙን ትቷል። ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ እየጎተትነው በቅርብ ወዳለ ነዳጅ ማደያ ወሰድነው። ጥበቃው ክዳኑን ከፍቶ ካየ በኋላ፣ ድሬ ላይ «አንቱ» መባባል ብርቅ ነውና፣ «አቦ፣ ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው? ጉድጓዳችንን ልትገድለው ነው እንዴ?» አለኝ። ሁለት ባልዲ ውሃ ልንደፋበት ተስማምተን፣ ለሻይ የምትሆንም ሰጥተን ፈቀደልን።

ጥበቃው የተናገረው ቃል ከገመተው በላይ ትክክል ነው። ሴፕቲክ ታንክ የሚሠራው በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ቆሻሻውን እየበሉ ስለሚያፈራርሱት ነው። ሽታ ለማጥፋት ከሚሸጡት ፈሳሾች ውስጥ ፎርማልዲሃይድ ያለባቸው እነዚህኑ ተሕዋስያን ይገድላሉ፤ አንድ ሣጥን ትልቁን ጉድጓድ ባያበላሽም በየቀኑ አምስትና ስድስት ሣጥን የሚደፋበት ትንሽ ታንክ ግን ሥራውን ያቆማል። ያኔ ታንኩ ቆሻሻ ማብላላቱን ትቶ ተራ ማጠራቀሚያ ይሆናል፤ ከበታቹ ማስረጊያ ካለውም ያልተብላላው ፍሳሽ እንዳለ ወደ መሬት ይወርዳል።

ይህን ማንሳቴ ስለ ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ቱሪዝም ሲወራ የምንጀምርበት ጫፍ የተሳሳተ ስለሚመስለኝ ነው። ሐረር ጀጎል በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ፣ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያና የዳካታ ቋጥኞችም እንግዳ እየጠሩ፣ ሐረማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዝ ስለጀመረ፣ «የካምፒንግ ቦታ እናዘጋጅ» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው መነሳቱ አያስደንቅም። ሐሳቡ ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚሳለው ጎጆው፣ የእሳት ማንደጃውና መልከዓ ምድሩ የሚታይበት ሰገነት ነው፤ ፍሳሹ የሚታሰበው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ከአጥሩ ጀርባ በሚቆፈር አንድ ጉድጓድ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እላለሁ። በመኪናው ወይም በድንኳኑ ውስጥ የሚያድር ሰው አልጋውን ይዞ ይመጣል፤ ይዞ ሊመጣ የማይችለው መድፊያውን ነው።

ይህ ለጥቂት ፈረንጅ የሚደረግ ቅንጦት ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። በሐረርጌ መንገዶች ላይ በመኪና ውስጥ የሚያድረው ማን እንደሆነ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሱት የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች ዓመቱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ያድራሉ፤ በመንገዱ ዳር ሣር ውስጥ የተጣሉት፣ ቢጫ ፈሳሽ የያዙት ሃይላንዶች የማን እንደሆኑ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። ከእነሱ ሁሉ በላይ ደግሞ ቁልቢ አለ።

ራስ መኮንን ከዐድዋ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ስለት እንዳሠሩት የሚነገርለት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከድሬዳዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዲስ አበባና በሐረር መንገድ ላይ ይገኛል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለንግሡ የሚመጣው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከዋዜማው ጀምሮ፣ ብዙዎችም ከዚያ በፊት ደርሰው፣ በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በሸራ ሥርና በሜዳ ላይ ያድራሉ። ሀገራችን ውስጥ ካምፒንግ የሚባል ነገር ካለ፣ በስፋቱ ከዚህ የሚበልጠውን መጥቀስ ያስቸግራል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ይሸናል። ለምሳሌ ያህል አሥር ሺህ ሰው አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ቢቆይ 15,000 ሊትር መሆኑ ነው፤ አሥር ሺህ ሊትር ለምትይዝ መጣጭ መኪና አንድ ተኩል ጭነት ማለት ነው። መቶ ሺህ ሰው ቢሆን ደግሞ አሥራ አምስት ጭነት ይሆናል። ይህ በአንድ ዞን አቅም ሊነሳ የሚችል መጠን ነው፤ የሚያስቸግረው የሚጠራቀምበት ታንክ አለመኖሩ ነው።

ሁለቱ በዓላት የሚውሉበት ወቅት የተለያየ መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል። በታኅሣሡ ብርድ ሜዳ ላይ የቀረው ደርቆ፣ ዱቄት ሆኖ በነፋስ ይነሳል። በሐምሌ ዝናብ ግን በአንድ ሌሊት ታጥቦ ይወርዳል። የሚወርደውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ የሐረርጌ ደጋ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ጀርባ ነውና ሰሜኑ ወደ አዋሽ፣ ደቡቡ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ያዘነብላል።

ቆላ ያለነው ድሬዳዋዎች ደግሞ የምንጠጣው ከርሰ ምድር ነው። በሳቢያን አካባቢ ባሉት የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች የናይትሬት መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን የውሃ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ከምክንያቶቹ ዋናው ከሽንት ቤትና ከሴፕቲክ ታንክ የሚሰርገው ፍሳሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን ከመሸከም ያውካል። ውሃውን ማፍላትም ናይትሬትን አያጠፋውም። ሐረርም ብትሆን ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከቆላው፣ ከድሬ ጃራ በኩል ወደ ላይ የሚገፋ የጉድጓድ ውሃ ትጠጣለችና፣ ቆላው ላይ የሚሰርገው ነገር የደጋዋም ከተማ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በእኛ መሬት ላይ የሚሠራ መድፊያ ከሥሩ የሚያሰርግ መሆን የለበትም። በብዙ መመሪያዎች ላይ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ የሚለው ልክ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልክ አፈሩ ውሃውን ቀስ እያደረገ ለሚያጣራበት ቦታ ነው። የኖራ ድንጋይ በሚበዛበት በድሬዳዋ ዙሪያ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሳይጣራ ሩቅ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ከታችም ከጎንም በኮንክሪት የተደፈነ፣ መተንፈሻ ቱቦ ያለው፣ ሲሞላ በመጣጭ መኪና ተወስዶ ወደ ዝቃጭ ማድረቂያ የሚሄድ ታንክ ነው። ከላዩ ወደ መሃል የሚያዘነብል ንጣፍ፣ በእግር የሚከፈት ክዳን ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አፍ፣ ከጎኑም ሣጥን ማለቅለቂያ ቧንቧ ይኑረው። የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ግን ከዚያ ርቆ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይተከል። ሣጥኑን ያለቀለቀበትን የጎማ ቱቦ መልሶ በመጠጥ ቧንቧ አፍ ላይ የሚሰካ ሰው በየሀገሩ አይጠፋም፤ በሰለጠነ የሚባለውም ቦታ ሁለቱን ቧንቧዎች የሚያራርቁት በዚሁ ምክንያት ነው። የዕቃና የገላ ማጠቢያ ውሃም ቢሆን ቅባትና ሳሙና ስላለበት መንገድ ዳር ይፈሰስ አይባልም።

ቦታውን በሚመለከት ብዙ አያስፈልገንም። አንዱ ቁልቢ ላይ፣ ሌላው የድሬዳዋና የሐረር መንገዶች በሚገናኙበት በደንገጎ አቅራቢያ፣ ሦስተኛው ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌ ላይ ቢሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት የአንዲት ሣጥን ዕድሜ አይጨርስም። የደንገጎው ሌላም ጥቅም አለው፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና ወደ ድሬዳዋ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ከመውረዱ በፊት የሞላ ታንኩን ቢያራግፍ ለፍሬኑም ይበጃል።

የማይሆነውን ቦታ ግን በአጽንዖት መናገር ይገባል። እንግዳ ዓይን የሚያርፍበት ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው፤ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪና ያስገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ የነበረውን ያየ የድሬ ሰው አሸዋው ላይ ድንኳን ተክሎ የሚተኛ እንግዳ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋው ላይ ስለሆነ ታች ያለው ሰው ሰማዩን አይቶ አደጋውን አያውቅም። በበጋም ቢሆን ከዚያው አሸዋ ሥር ውሃ ቆፍረው የሚቀዱ ሰዎች አሉ፤ አሸዋው ላይ የተደፋ ሣጥን እነሱ ጄሪካን ውስጥ ይገባል።

በእኔ ግምት ሥራውን የሚያዘገየው ገንዘብ ሳይሆን ወሰን ነው። ቁልቢ፣ ደንገጎና ባቢሌ የኦሮሚያ ናቸው፤ ድሬዳዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ያለ አስተዳደር ናት፤ ሐረሪ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ታንኩ አንዱ ጋ፣ መጣጭ መኪናው ሌላው ጋ፣ ማድረቂያው ሦስተኛው ጋ ሊሆን ይችላል፤ ሳይስማሙ የተሠራ ታንክ ደግሞ በተሠራ በሁለተኛው ወር ሞልቶ የሚፈስ ታንክ ነው። አካባቢን መበከል በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል። ክልከላው ቢኖርም የት እንደሚደፋ ለጠየቀኝ እንግዳ የማሳየው አንድም ቦታ አልነበረኝም። ስለዚህ ከመሠረት ድንጋይ በፊት ሦስቱ መስተዳድሮች አንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙ ይሻላል፤ ማን ይቀዳል፣ በስንት ቀን፣ ወዴት ይወስዳል፣ በንግሥ ሰሞን ስንት መኪና ይጨምራል የሚለውን።

ክፍያው ከባድ መሆን የለበትም። ካምፐር ያለው እንግዳ በሣጥን ይክፈል፤ ሹፌር ደግሞ መኪናውን ለሚያሳድርበት ከሚከፍለው ላይ መጸዳጃው ይታሰብለት፤ ለቁልቢ ስለተኛ ግን በነፃ ይሁን፤ የሚከፈልበት ከሆነ ሰዉ እንደለመደው ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳል። ፎርማልዲሃይድ ያለበትን ፈሳሽ የያዘ ሣጥን ለብቻው በርሜል ላይ እንዲደፋ ይደረግ። የክዳኑን ቁልፍ የሚይዘው ሰውም ከወረዳ ቢሮ ተልኮ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚገኝ ሳይሆን፣ እንደዚያ ጥበቃ ሌሊትም እዚያው የሚያድር፣ ሰማያዊውን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይሁን።