ለጉባኤ የመጣ እንግዳ እጁን ቢያውሰንስ?

ጎንደር ላይ እንግዳን ማሠራት ነውር ነው። ዕቃ ላንሳ ቢል እንኳ «ኧረ በሞቴ ቁጭ በል!» ይባላል። ለስብሰባ የመጣውም እንደዚያው ነው የሚያዘው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀበሉታል፣ ሆቴል ያስገቡታል። ከዚያ አዳራሽ፣ ሻይ ቡና፣ በመጨረሻም ፋሲል ግንብ ፊት የቡድን ፎቶ። ከተማዋን ሳያውቃት ይሄዳል።

እኔ በምኖርበት አሜሪካ አንዳንድ ጉባኤ ላይ ስትመዘገብ «ግማሽ ቀን በጎ ፈቃድ መሥራት ይፈልጋሉ?» ተብለህ ትጠየቃለህ። እሺ ካልክ ምግብ ባንክ ወስደው ሩዝና ባቄላ ያሳሽጉሃል። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም እኩል ጓንት ያጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካወደመ በኋላ፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የ2006 ጉባኤውን እዚያው አደረገ። ብዙ ተሰብሳቢዎችም ቤተ መጻሕፍት ሲያደራጁና ሰፈር ሲያጸዱ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር እዚያም የይምሰል ሥራ አለ። ለቲሸርቱ የወጣው ገንዘብ ከተሠራው የሚበልጥበት ጊዜ አይጠፋም።

እኛ ጋ ለእንግዳ ሥራ ይሰጥ ከተባለ ቶሎ የሚታሰበው ችግኝ ነው። ጎንደር እንግዳ የሚበዛባት ግን በጥር፣ ለጥምቀት ነው። ደህና ዝናብ እስኪመጣ ወራት ይቀራሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ማን ያጠጣዋል? እምቦጭም ያው ነው። ጣና ዳር ወርዶ አንድ እቅፍ ነቅሎ ፎቶ መነሳት ቀላል ነው። የተነቀለው ዳር ላይ ከተከመረ ግን ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ከቁራጩ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዋናው ሥራ አርቆ ማድረቅና ማቃጠል ነው። እሱ ደግሞ የእንግዳው አውቶቡስ ከሄደ በኋላ ለገበሬው የሚቀር ነው።

ጥር ላይ የሚሆን ሥራ መች ጠፋ? ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ የአፄ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ብቅ ማለት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙሱ ብቻ ስንት ጆንያ ይወጣዋል! እንግዳው ሐኪም ከሆነ ግን ጠርሙስ ከሚለቅም ያንን ግማሽ ቀን ለሕክምና ተማሪዎች ቢሰጥ ይሻላል። ከተማዋ ለዚህ አዲስ አይደለችም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ሲጀምር ጀምሮ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ሕዝቡ መሀል በሥራ ያሠለጥን ነበር።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ ሰው ሳይመጣ የሚታጨደውን ማሳ ይለያል፣ ጠላውንም ያስጠምቃል። የጉባኤ አዘጋጆችም መርሐ ግብር ከማተማቸው በፊት የሰፈሩን ወጣቶችና ዕድሩን «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ሥራውን የሚመሩትም እነሱ ይሁኑ። «አበል አለው ወይ?» የሚል ተሰብሳቢ ካለ፣ እሱን አዳራሹ ውስጥ ትቶ መውጣት ነው።