.223 እና 5.56 አንድ ጥይት አይደሉም

ለቀበሮ አደን ጥይት ስለመምረጥ ሲወራ፣ ብዙዎች «.223 ሬሚንግተንና 5.56 ናቶ በስም ብቻ ነው የሚለያዩት፣ ያገኛችሁትን አጉርሱ» እያሉ ነው። ይህ ስህተት ነው፤ አደጋም አለው።

ቀለሃቸው ተመሳሳይ ስለሆነ መሳሳቱ አይገርምም። ዋናው ልዩነት ጠመንጃው ውስጥ ነው። በ5.56 ጠመንጃ፣ አረሩ ከቀለሃው ወጥቶ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ቦይ እስኪነካ ያለው ርቀት ረዘም ይላል። በ.223 አጭር ነው። ስለዚህ 5.56 ጥይት በ.223 ጠመንጃ ሲተኮስ ጠመንጃው ውስጥ የሚፈጠረው የባሩድ ጋዝ ግፊት ከልክ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። ጠመንጃው ሊበላሽ፣ ተኳሹም ሊቆስል ይችላል። እባካችሁ ይህን ቀላል አታድርጉት። .223ን በ5.56 ጠመንጃ መተኮስ ግን ችግር የለውም።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ጠመንጃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከጥይቱ ሳጥን ጋር አስተያዩ። «ተኩሼ ምንም አልሆንኩም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።