ቀዳዳ የሌለው ስልክ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ጋባዡ አዲስ ስልክ የገዛ ወዳጃችን ነው። እኛም ስልኩን እያስመረቅን ማኪያቷችንን እንጠጣለን። ካሜራው ተሞከረ፣ ስክሪኑ ተደነቀ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ጋሼ ጋ ደረሰ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና፣

«የኢርፎኑ ቀዳዳ የታለ?» አሉ።

«የለውም ጋሼ። ቀርቷል እኮ።»

«ሚሞሪውስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ብር ያወጣኸው ምን ኖሮት ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ባለ ስልኩ ግን አልሳቀም። አሁን ክርክር ሊጀመር እንደሆነ ገባኝ።

«ጊዜው ነዋ!» አለ። «አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ላይ የኢርፎኑን ቀዳዳ፣ ጃኩን፣ ሲያስቀር ስንቱ ጮኸ። መድረክ ላይ የወጣው ኃላፊያቸው ምክንያቱን በአንድ ቃል 'ድፍረት ነው' ብሎ አስረዳ። ይኸው፣ ዛሬ ማን ትዝ ይለዋል?»

«ድፍረትስ ድፍረት ነው» አለች ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ። «ቀዳዳውን የደፈኑ ቀን ኤርፖድ የሚባል ሽቦ አልባ ኢርፎን ይዘው ብቅ አሉ። ሳምሰንግም በማስታወቂያ ሲያሾፍባቸው ከርሞ በ2019 ኖት 10 ላይ ራሱ አስቀረው። ሶኒ ግን አንዴ ካወጣው በኋላ በሁለት ዓመቱ መልሶ አስገባው።»

«ውሃ እንዳይገባ ነው» አለ ባለ ስልኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሞባይል ጠጋኝ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። ይቺን ግን አላሳለፋትም። «ጋላክሲ ኤስ 7ን ስንቴ ከፍቼዋለሁ። ጃክ አለው፣ ሚሞሪም ይገባል። ሲሸጥም አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል ተብሎ ነው። የቦታ ጉዳይ ነው ብትለኝ ይሻልሃል። ውስጡ እኮ ጠባብ ነው፣ ካሜራና ባትሪ ይሻሙበታል።»

ጠጋኙ የእኛ ወገን ሆነ ብዬ ደስ ሲለኝ ወዲያው ከዳን። ለካ ሚሞሪ የሚባል ነገር አይወድም። «ግማሹ ደንበኛዬ ፎርጅድ ሚሞሪ ይዞ ነው የሚመጣው» አለ። «ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፏል፣ ስልኩም 64 ብሎ ያነብልሃል። እውነተኛ ሆዱ ግን 8 ነው። ከ8 በላይ የጫንከው የገባ ይመስልሃል እንጂ የለም። አንድ ቀን ፎቶህን ስትከፍት ግራጫ ካሬ ብቻ። ፍጥነቱም አይገናኝም። የጥሩ ስልክ የውስጥ ማከማቻ በሰከንድ ከ2,000 ሜጋ ባይት በላይ ያነባል፤ ብዙ ስልክ የሚቀበለው ሚሞሪ 100 አካባቢ ላይ ይቆማል። አፕ እዚያ ላይ ጭነው ስልኬ ተንቀራፈፈ ይሉኛል።»

ጋሼ ስለ ፍጥነቱ ግድ አልነበራቸውም። የእሳቸው ጥያቄ ሬዲዮ ነው። የኢርፎኑ ሽቦ እኮ አንቴናም ነው። ሳይሰኩት ኤፍ ኤም የሚይዝ ስልክ ብዙ አይገኝም። ባለ ስልኩ «በኢንተርኔት ይሰማል» ሲላቸው፣ «ሸገርን ለመስማት ጥቅል ልገዛ?» ብለው አፈጠጡበት። ብሉቱዙንም አላለፉትም። «ያንተ ጆሮ ቻርጅ ያልቅበታል። የኔ አያልቅበትም።»

ልጅቷ በዚህ ተበረታታች። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቤት ያዋላት ሚሞሪዋ ላይ የነበረው ፊልምና መጽሐፍ እንደሆነ ነገረችን። ያኔ ጓደኛ ጓደኛውን «ምን አለህ?» እያለ ሚሞሪ ሲቀያየር ነበር። ሰው ሁሉ ዘፈንና መዝሙር ሊያስጭን ሚሞሪውን ይዞ ሱቅ የሚሄድበት ዘመን ለጥቂት ሳምንት ተመልሶ መጣ።

«እስቲ ሚሞሪሽን አሳዪን» አላት ባለ ስልኩ።

ዝም አለች። ቀስ ብላ «አውጥቼዋለሁ» አለች። ስልኳ ላይ ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪው የሚገቡት አንድ ቦታ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮሙ ሌላ የሳፋሪኮም ሲም ስታወጣ ሚሞሪው ተፈናቀለ። ባለ ስልኩ ጠረጴዛውን ደበደበ። ድል ማለት ለእሱ ይቺ ናት። እውነትም ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ መስሎ ነበር።

ክርክሩ አልተቋጨም፤ እንዲህ ያለው መቼ ተቋጭቶ ያውቃል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ሁለቱን ቀዳዳዎች አንድ ላይ መቁጠራችን ስህተት መሰለኝ።

ጃኩን እኔ ይቅር ብያለሁ። ጋሼ ይቀየሙኛል፣ ግን ለሬዲዮ ሬዲዮ አለ። ለኢርፎን ታይፕ ሲ ላይ የምትሰካ ትንሽ ሽቦ ትገኛለች። እሷም ብትሆን ጣጣ አላት። አንዳንዱ ስልክ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ ያለባት ካልሆነች ትንፍሽ አይልም፣ አንዴ ያልሆነችውን ገዝቼ ተቃጥያለሁ። እሷን ሰክተህ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ የለም። ቢሆንም ይኖራል።

ሚሞሪው ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስልኬ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ጠፍቶ ቀረ። ቦርዱ ሞቷል አሉኝ። እዚያው ውስጡ የእህቴ ሰርግ ፎቶ ነበር፣ አብሮ ሄደ። ከዚያ በፊት የነበረኝ ርካሽ ስልክም ሞቷል። የእሱ ፎቶዎች ግን ጥፍር የምታክል ካርድ ላይ ስለነበሩ ሌላ ስልክ ላይ ሰክቼ እስከዛሬ አያቸዋለሁ። በኢንተርኔት ላይ አስቀምጥ ይሉኛል። አዎ፣ ነፃዋ ቦታ እስክትሞላ። ከሞላች በኋላ በየወሩ በዶላር ክፈል ይመጣል፤ በብር ካርድ ደግሞ አይሆንም። ጠጋኙ ያለውም ልክ ነው፣ አፕ ውስጥ ይቀመጥ። ለፎቶ ግን 100 ሜጋ ባይት ምን ጎደለው? ፎርጅዱንም የተገዛ ዕለት እስከ አፉ ሞልቶ መክፈት ነው፣ ያኔ ይጋለጣል።

ስለዚህ ቀጣዩን ስልክ ስገዛ ስለ ጃክ ትንፍሽ አልልም። የምጠይቀው ሁለት ሲምና ሚሞሪ አንዱ ሌላውን ሳያፈናቅል የሚገቡበት እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው ከርካሾቹና ከመካከለኞቹ መሀል ነው። ለኪሴም የሚስማማኝ እሱ ነው።