ጋዙ አላለቀም፣ አምልጧል

ባለፈው የአሜሪካ በጋ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ጎረቤቴ ጋሼ በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ እስቲ ውረድና መብራት ያዝልኝ" አሉኝ። እኛ ያለንበት ቨርጂኒያ በሐምሌ ማታም ይሞቃል። ወርጄ ሳይ የ2003 ሞዴል ካምሪያቸውን ኮፈን ከፍተዋል። መሬቱ ላይ ሁለት ጣሳ የኤሲ (የመኪና አየር ማቀዝቀዣ) ጋዝ፣ አንድ ቱቦና ትንሽ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ተቀምጧል። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልሱት በዚህ መኪና ነው።

"ምን ሆኖብዎት ነው?"

"ጋዙ አልቆበት ነዋ። አምናም ሁለት ጣሳ ጠጥቷል።"

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይሄ "አልቆበት ነው" የሚለው ነገር ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ተንኖ የመኪናውን ሙቀት ይስባል፣ ከዚያ ተመልሶ ኮምፕሬሰር ይገባል። ሁሌም ያው ጋዝ ነው የሚዞረው። ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና በደረቁ ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) በኩል በየዓመቱ ትንሽ ቢያመልጠው አይገርምም። በየበጋው ሁለት ጣሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ቀዳዳ ነው።

ቤት ውስጥ መሙላትን አልቃወምም። ጋራዥ የሚወስደው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የሥራ ቀንም ነው። ለብዙ ዓመት ያልተነካ ኤሲ ቅዝቃዜው ቢቀንስና ባለቤቱ አንድ ጣሳ ቢጨምርበት፣ ጎበዝ ነው። እዚህ አሜሪካ 134ኤ የሚባለውን ጋዝ በትንሽ ጣሳ ማንም ሰው መግዛት ይችላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት መኪኖች የሚጠቀሙበት አር-12 ግን የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ ፈቃድ ለሌለው አይሸጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ነው። የጋዙን ዓይነትም ልኩንም በግራም ይነግራል።

ችግሩ ጌጁ ላይ ነው። ጋሼ ሞተሩን ሳያስነሱ ሰኩት። መርፌው ዘሎ ቀዩ ላይ ቆመ። "ሞልቷል እንዴ?" ብለው አዩኝ። አልሞላም። ሞተር ጠፍቶ፣ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ ጌጁ የሚያሳየው በአየሩ ሙቀት ልክ የሚፈጠረውን ግፊት ነው። በ30 ዲግሪ ወደ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይጠጋል፣ ጋዙ ብዙም ይሁን ትንሽ። ሞተሩን አስነሥተን ኤሲውን መጨረሻ ላይ ስናደርገው መርፌው ወረደ። ኮምፕሬሰሩ ጠቅ ብሎ ይነሣል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል፣ ደግሞ ጠቅ ይላል። ጋዝ ሲያንስ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ቱቦው የሚሰካው ወፍራሙ መስመር ላይ፣ ክዳኑ "ኤል" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጋ ብቻ ነው። "ኤች" የሚለው ከፍተኛ ግፊት ያለበት ስለሆነ ጣሳውን እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። አልገባ ካለ በጉልበት አይሞከርም። ጓንትና መነጽርም ቀልድ አይደለም፤ ይህ ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው፣ ዓይን ያጠፋል።

አንዳንዶች ጣሳውን በኩሽና ሚዛን እየመዘኑ ይሞላሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የጨመርከውን እንጂ ውስጥ የቀረውን አይነግርህም። ከልክ በላይ የተሞላ ኤሲ ደግሞ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጎዳል። "ቀዳዳ ይደፍናል" ተብሎ የሚሸጠውን ጣሳ በጭራሽ አትግዙ። ማጣበቂያው የጋራዡን ማሽን ስለሚያበላሽ፣ ያ ነገር የገባበትን መኪና አንነካም የሚሉ ጋራዦች አሉ።

እኛ ጣሳውን ትተን የዕቃ ሳሙና በውሃ በጠበጥን። መጋጠሚያውን ሁሉ በብሩሽ ቀባን። ቱቦው የሚሰካባት የ"ኤል"ዋ ቫልቭ ክዳኗ የለም። አፏ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል አረፋ ወጣች፣ አበጠች፣ ፈነዳች። ሌላ ተተካች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ዝም ብለው አዩዋት። ሁለት በጋ ገንዘባቸው የወጣው በእሷ በኩል ነበር።

የወጣው ገንዘብ ብቻም አይደለም። የዚህ ጋዝ አንድ ኪሎ ከ1,400 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። ጣሳው 340 ግራም ነው። አንዱ ጣሳ አየር ላይ ሲበተን መኪና ከዋሽንግተን ማያሚ ድረስ ከመንዳት አይተናነስም። በጓሯችን ሆነን በየበጋው ይህን ስናደርግ ማንም አያየንም።

በማግስቱ ጋራዥ ሄዱ። የቀረውን ጋዝ በማሽን ሳቡት፣ የቫልቩን ልብ (ውስጡ ያለችውን መዝጊያ) ቀየሩ፣ ቱቦውን በቫኪዩም (አየሩን ስበው በማውጣት) አደረቁ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ግራም ልክ ሞሉት።

የሚሸጡት ድርጅቶች ጣሳው ላይ "ጋዝ አያልቅም፣ ካነሰ ያፈስሳል" ብለው በትልቁ ቢጽፉ ደስ ይለኛል። እስከዚያው እኛ እንጀምር። ቱቦና ጌጅ እርስ በርስ እንዋዋሳለን። ከማዋሳችን በፊት "መጨረሻ የሞላኸው መቼ ነው?" ብለን እንጠይቅ። መልሱ "አምና" ከሆነ ሳሙናና ብሩሽ ይዘን እንውረድ።